አባ አርማንድ ዳቪድ፦ ፍጥረትን በየስሙ የመዘገቡ ሚስዮናዊ



በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር የምድር አራዊትንና የሰማይ አዕዋፍን ፈጥሮ ምን ስም እንደሚያወጣላቸው ያይ ዘንድ ወደ አዳም አመጣቸው። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ በፍጥነት እናልፈዋለን። ልብ ብለን ብናስተውለው ግን ለሰው ልጅ ከተሰጡት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ በዚያ ተጽፎ እናገኘዋለን። ስም የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ያንን ፍጥረት ማየት፣ ከሌላው መለየትና በራሱ መልክ ማወቅ ይገባዋል። ያላየውን ነገር በእውነተኛ ስሙ ሊጠራው የሚችል የለምና።

ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ካህን ይህን ጥንታዊ ሥራ በዘመናቸው የሠሩ ናቸው። እርሳቸውም የላዛሪስት ማኅበር አባል የነበሩት አባ አርማንድ ዳቪድ ናቸው። በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው እጅግ የታወቀ ሲሆን በምእመናን ዘንድ ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ካህን ሆኖ ሳለ ዕድሜን በአዕዋፍና በአራዊት ምርመራ ማሳለፍ ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ዛሬም ከወጣቶቻችን አንደበት የምንሰማው ነው። የአባ አርማንድ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነታቸውና ጥሪያቸው

ዣን ፒዬር አርማንድ ዳቪድ በመስከረም ወር 1826 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በባስኮች አገር፣ ከባዮን ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ኤስፔሌት በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ከመሆናቸውም በላይ የተፈጥሮን ነገር መመርመር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ልጁም ከአባታቸው ይህን ፍቅር ወርሰው፣ በፒረኔ ተራሮች ግርጌ ባለው ሜዳና ጫካ ውስጥ አዕዋፍን፣ ነፍሳትንና ዕፀዋትን እየተመለከቱ አደጉ።

በ1848 ዓ.ም. ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ መሠረተው የሚስዮን ማኅበር ማለትም ወደ ላዛሪስቶች ገቡ። ይህ ማኅበር ለአገራችን ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ እያለ የሚጠራው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የዚሁ ማኅበር ልጅ ነበረ። ወጣቱ አርማንድ ወደ ማኅበሩ በገቡበት ዓመት አቡነ ያዕቆብ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘው በሰሜን አገራችን በድካምና በስደት ወንጌልን ያስተምሩ ነበር። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወደ አፍሪካ ተላከ፣ ሌላው ግን ልቡ ወደ ቻይና ያዘነበለ ነበር።

ይሁን እንጂ የአርማንድ ምኞት ቶሎ አልተፈጸመም። አለቆቻቸው ወደ ቻይና በመላክ ፈንታ በኢጣልያ የሳቮና ከተማ በሚገኘው ኮሌጅ የተፈጥሮ ሳይንስ እንዲያስተምሩ አዘዟቸው። እርሳቸውም ታዝዘው ሄዱ፤ በዚያም ወደ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ለተማሪዎቻቸው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው እየተዘዋወሩ ከሚሰበስቡት ዕፅ፣ ድንጋይና እንስሳ ያስተምሩ ስለ ነበር በኮሌጁ ውስጥ አነስተኛ ቤተ መዘክር አቋቋሙ። ከእርሳቸው ከተማሩት መካከል ኋላ የኒው ጊኒ ደሴትን በመመርመር የታወቀው ሉዊጂ ዳልበርቲስ፣ እንዲሁም በ1867 ዓ.ም. የጄኖቫን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የመሠረተው ጃኮሞ ዶርያ ይገኙበታል። በ1876 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ የተቀመጠው ኦራትስዮ አንቲኖሪ በአገራችን የሰበሰባቸው እንስሳት ወደዚሁ የጄኖቫ ቤተ መዘክር ገብተዋል። በሳቮና የተዘራው ዘር ፍሬው እስከ አገራችን ተራሮች ድረስ እንደ ደረሰ ከዚህ እንረዳለን።

ጉዞ ወደ ቻይና

በ1862 ዓ.ም. የብዙ ዓመት ምኞታቸው ተፈጸመና ወደ ፔኪንግ ተላኩ። በዚያም የማኅበራቸው አባል ለነበሩት ለብፁዕ አቡነ ሙሊ ታዝዘው ትምህርት ቤት ለማቋቋም ይደክሙ ጀመር። ከፓሪስ ከመነሣታቸው በፊት የፈረንሳይ ሊቃውንት ስለ ቻይና ተፈጥሮ የሚያገኙትን ሁሉ እንዲልኩላቸው ለምነዋቸው ነበርና፣ ከዋና ሥራቸው በሚተርፋቸው ጊዜ በከተማው ዙሪያ ያሉትን አዕዋፍ፣ እንስሳትና ዕፀዋት እየሰበሰቡ በሚስዮኑ ቤት ውስጥ ቤተ መዘክር አደራጁ፤ ከፊሉንም ወደ ፓሪስ ላኩ።

በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የነበሩት ምሁራን የተላከላቸውን ባዩ ጊዜ እጅግ ተደነቁ። በመንግሥትም በኩል የማኅበሩን ጠቅላይ አለቃ ለምነው፣ አባ አርማንድ ከዘወትር አገልግሎታቸው ለጊዜው ተለቀው በቻይና ውስጥ ለምርመራ እንዲጓዙ አስፈቀዱ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አባ አርማንድ ይህን ሥራ የያዙት ከጥሪያቸው ሸሽተው አልነበረም። ወደ ሳቮና የሄዱት በታዛዥነት እንደ ነበረ፣ ወደ ቻይና ተራሮችም የወጡት በታዛዥነት ነበር።

አዲስ ዝርያ እንዴት ይመዘገባል?

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት ሥራው ምን እንደ ነበረ በጥቂቱ እናስረዳ። በ1758 ዓ.ም. ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ቃላት ያሉት የላቲን ስም መስጠትን በሥርዓት አጸና። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ ስም ነው፤ ሁለተኛው የራሱ የዝርያው መለያ ነው። አንድ እንስሳ አዲስ ነው ለማለት ግን ስም ማውጣት ብቻ አይበቃም። ሰብሳቢው ቆዳውን ገፍፎ ብል እንዳይበላው በመድኃኒት ያደርቀዋል፤ የራስ ቅሉንና አፅሙን ያጸዳል፤ ርዝመቱን ይለካል፤ በየት ቦታ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተገኘ፣ ተባዕት ወይም እንስት መሆኑን በወረቀት ጽፎ ያስርበታል። ከዚያም አንድ ሊቅ ቀድሞ ከታወቁት ጋር አስተያይቶ፣ በምን እንደሚመስላቸውና በምን እንደሚለይ ጽፎ ያሳትማል። የተጻፈለት እንስሳ ቆዳና አፅም ለወደፊት ማስረጃ በቤተ መዘክር ይቀመጣል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚነሣ ተመራማሪ ቢጠራጠር ወደዚያ ሄዶ ይመሰክራል። አስቀድሞ በታተመው ስምና በኋላ በታተመው መካከል ክርክር ቢነሣም የቀደመው ይጸናል።

ይህ ሥራ ትዕግሥትንና እውነተኛነትን ይጠይቃል። ቦታውን የተሳሳተ ወይም ያላየውን እንዳየ አድርጎ የጻፈ ሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ያሳስታል። አባ አርማንድም በዕለት መዝገባቸው የአየሩን ሁኔታ፣ የመንገዱን ርቀት፣ የድንጋዩን ዓይነትና ያዩትን ወፍ ሁሉ በየቀኑ ያሰፍሩ ነበር።

ከግንቡ ጀርባ የነበረው አጋዘን

ከፔኪንግ በስተደቡብ በረጅም ግንብ የታጠረ የንጉሠ ነገሥቱ የአደን ሥፍራ ነበረ። ያለ ፈቃድ መግባት የተከለከለ ነበር። በ1865 ዓ.ም. አባ አርማንድ ከግንቡ ወዲያ አሻግረው ሲመለከቱ ከዚያ በፊት በየትኛውም መጽሐፍ ያላዩትን የአጋዘን መንጋ አዩ። ቻይናውያን ይህን እንስሳ አራቱን የማይመስል ብለው ይጠሩታል። የአጋዘን ቀንድ፣ የግመል አንገት፣ የላም ሰኮና፣ የአህያ ጅራት አለው፤ ግን ከአራቱ አንዱንም አይደለምና። ይህ ዝርያ በዱር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት፣ የቀረው ያ በግንብ የታጠረው መንጋ ብቻ ነበር።

አባ አርማንድ ለጠባቂዎቹ ገንዘብ በመክፈል በ1866 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆዳዎች አግኝተው ወደ ፓሪስ ላኩ። ይህን መንገዳቸውን እናመሰግን ዘንድ አንጽፈውም፤ የቅዱሳንን እንኳ ሕይወት ስንጽፍ እንከኑን መደበቅ አይገባንምና። በፓሪስም አልፎንስ ሚልን ኤድዋርስ የተባለው ሊቅ በዚያው ዓመት እንስሳውን ገልጾ ጽፎ ኤላፉሩስ ዳቪዲያኑስ አለው፤ ሁለተኛው ቃል ለካህኑ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ከዚያም በኋላ በዲፕሎማቶች አማካይነት በሕይወት ያሉ ጥቂት አጋዘኖች ወደ አውሮፓ ተወሰዱ።

የሆነው ነገር የሚያስደንቅ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ ወንዝ ሞልቶ ግንቡን አፈረሰ፤ አጋዘኖቹ ተበተኑ፤ የተራበውም ሕዝብ በላቸው። የተረፉት ደግሞ በ1900 ዓ.ም. በቦክሰሮች ዐመፅ ዘመን በጦር ሠራዊቶች ተበልተው አለቁ። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ አውሮፓ የተወሰዱት ብቻ ሆኑ። የእንግሊዝ መስፍን የሆነው የቤድፎርድ ባለቤት ከየአራዊት ማቆያው 18 ሰብስቦ በዎበርን ርስቱ አረባቸው። በ1985 ዓ.ም. ዘሮቻቸው ወደዚያው ወደ ጥንቱ የፔኪንግ የአደን ሥፍራ ተመለሱ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 39 ሌሎች ወደ ዳፌንግ ተወሰዱ። ዛሬ በቻይና በሺህ የሚቆጠሩ ይገኛሉ። አንድ ካህን ከግንብ ወዲያ አሻግሮ ባያይና ያየውንም ባይጽፍ ኖሮ ይህ ፍጥረት ማንም ሳያውቀው ከምድር ገጽ በጠፋ ነበር።

ጥቁርና ነጩ ድብ

በ1866 ዓ.ም. ወደ ሞንጎልያ የመጀመሪያውን ታላቅ ጉዞ ካደረጉ በኋላ፣ በ1868 ዓ.ም. ለሁለተኛው ጉዞ ተነሡ። በያንግትሴ ወንዝ ሽቅብ ተጉዘው ወደ ሲቹዋን አውራጃ ገቡ፤ በየካቲት 1869 መጨረሻም በሙፒንግ ተራሮች ወደሚገኘው ወደ ዴንግቺጎው ደረሱ። በዚያ የፓሪስ የውጭ ሚስዮን ማኅበር ካህናት ለቻይናውያን ልጆች ያቋቋሙት የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ነበረ፤ አባ አርማንድም በእንግድነት ተቀበሏቸው።

መጋቢት 11 ቀን 1869 ዓ.ም. ከአካባቢው ባለ ርስቶች አንዱ ወደ ነበረው ወደ ሊ ቤት ሻይ እንዲጠጡ ተጋብዘው በገቡ ጊዜ በዚያ ጥቁርና ነጭ የሆነ የታላቅ ድብ ቆዳ አዩ። ይህ እንስሳ ለሳይንስ አዲስ እንደሚሆን ወዲያው ተረዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክርስቲያን የሆኑት አዳኞቻቸው አንድ ግልገል አመጡላቸው። በሕይወት ይዘውት ሳለ ለመሸከም እንዲቀላቸው ገድለውት ነበር። በሚያዝያ ወር መጀመሪያም ያደገ አንድ አገኙ። አባ አርማንድ ይህ ዜና እንዳይዘገይ ብለው አጭር መግለጫ ጽፈው፣ ቆዳዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እንዲታተምላቸው ወደ ፓሪስ ላኩ። ስሙንም ኡርሱስ ሜላኖሌውኩስ አሉት፤ ጥቁርና ነጭ ድብ ማለት ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ፓንዳ እያለ የሚጠራው ቀርከሃ በሊታ እንስሳ ይህ ነው።

ቆዳውና አፅሙ በፓሪስ ሲመረመር ግን ሚልን ኤድዋርስ ጥርሱንና አጥንቱን አይቶ ከድብ ወገን አይደለም በማለት በ1870 ዓ.ም. አይሉሮፖዳ በሚል አዲስ ወገን አደረገው። ከዚያ ጀምሮ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ። አንዳንዶች ድብ ነው አሉ፤ ሌሎች ራኩን ለተባለው ለአሜሪካው አውሬ ይቀርባል አሉ። በ1985 ዓ.ም. የታተመ የዘር ውርስ ምርመራ ፓንዳው የድብ ቤተሰብ አባል መሆኑን አረጋገጠ። በወገኑ ስም የፓሪሱ ሊቅ፣ በቤተሰቡ ነገር ደግሞ የገጠሩ ካህን ልክ ሆነው ተገኙ። በሳይንሱ ሥርዓት መሠረት ዛሬም ሙሉ ስሙ ሲጻፍ ከላቲኑ ቀጥሎ ዳቪድ፣ 1869 የሚለው በቅንፍ ይጨመርበታል። ቅንፉ እንስሳው በሌላ ሰው ወደ ሌላ ወገን መዛወሩን ያመለክታል፤ የመጀመሪያው መግለጫ ግን የካህኑ ነው።

ይህ ዓይነቱ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ጀርመናዊው ሩፔል በ1840 ዓ.ም. ገልጾ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች ከቀበሮ ሌሎችም ከተኩላ ሲመድቡት ቆይተው፣ በ1994 ዓ.ም. የታተመ የዘር ውርስ ምርመራ ይበልጥ ለተኩላ የቀረበ መሆኑን አሳየ። በዓለም ላይ የቀሩት አምስት መቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በአገራችን ይኖራሉ።

በዴንግቺጎው ከተገኙት ሌላ ወርቃማ ጠጕር ያለውና አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰው ዝንጀሮ፣ እንዲሁም በእርሳቸው ስም የተጠራውና እንደ ነጭ መሐረብ የሚውለበለብ አበባ ያለው ዛፍ ይገኙበታል። በሞንጎልያ ያገኙት የአይጥ ዓይነት ደግሞ ዛሬ በብዙ አገሮች ለሕክምና ምርምር ያገለግላል።

ድካምና መከራ

ይህ ሁሉ በድሎት የተሠራ አልነበረም። በእግራቸው በገደልና በበረዶ ተጉዘዋል፤ በትኩሳትና በሆድ ሕመም ተሠቃይተዋል። በሰኔ 1870 ዓ.ም. በቲየንትሲን ከተማ በተነሣው ሁከት የማኅበራቸው ካህናትና አሥር የፍቅር ሥራ እኅቶች ከሌሎች ብዙዎች ጋር ተገደሉ። በዚያው ዓመት አባ አርማንድ ጤናቸው ተጎድቶ ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ። በ1872 ዓ.ም. ግን እንደ ገና ወደ ቻይና ሄደው በሦስተኛው ጉዟቸው የችንሊንግን ተራሮችና የደቡብ ምሥራቁን አውራጃዎች መረመሩ። በዚህ ጉዞ እስከ ሞት አፋፍ ያደረሰ ሕመም ስለ ያዛቸው በ1874 ዓ.ም. ቻይናን ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናብተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በእነዚህ ዓመታት ካዩት ሁሉ ይልቅ ልባቸውን ያሳዘነው የደኖች መመንጠር ነበር። ሰዎች ለእርሻና ለከሰል ብለው ጥንታዊውን ዛፍ ሲቆርጡ፣ ከዛፉም ጋር መጠጊያ ያጡ አዕዋፍና አራዊት ሲጠፉ አይተው በዕለት መዝገባቸው አምርረው ጽፈዋል። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚናገር ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህን ማየታቸው አስተዋይነታቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ እርሳቸው ራሳቸው እንስሳትን እያስገደሉ ቆዳቸውን ይልኩ እንደ ነበር አንዘነጋም። በዚያን ጊዜ አንድን ፍጥረት በእርግጠኝነት ለማሳወቅ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ የግልገሉን ፓንዳ ነገር ስናነብ ግን ልባችን ማዘኑ አይቀርም። ዕውቀት ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋው የተከፈለበትን ዕውቀት ከንቱ አለማድረግ ደግሞ የወራሾቹ ግዴታ ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው

በፓሪስ በማኅበራቸው ዋና ቤት ተቀምጠው ለወጣት ሚስዮናውያን የተፈጥሮ ሳይንስን ያስተምሩ ጀመር። በ1877 ዓ.ም. ከኤሚል ኡስታሌ ጋር ሆነው ስለ ቻይና አዕዋፍ ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በቻይና የመዘገቧቸው የዱር አጥቢ እንስሳት 200 ያህል ሲሆኑ 63ቱ ቀድሞ ያልታወቁ ነበሩ፤ ከ807 የአዕዋፍ ዝርያዎችም 65ቱ ከዚያ በፊት አልተጻፉም ነበር። በ1888 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የካቶሊክ ምሁራን ጉባኤ ስለ ቻይና እንስሳት ንግግር አድርገዋል። ኅዳር 10 ቀን 1900 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው በፓሪስ ዐረፉ። የፔኪንግ አጋዘኖች በምድራቸው ያለቁት በዚያው ዓመት ነበር።

ከሕይወታቸው ምን እንማራለን?

አስቀድመን ያነሣነውን ጥያቄ እንመልስ። አባ አርማንድ በሳይንስ ሥራቸው ክህነታቸውን አልተዉም፤ ካህን ሆነው ሳለ ፍጥረትን በእውነት መመልከትን የአገልግሎታቸው ክፍል አደረጉት እንጂ። ሁለተኛም ትሕትናቸውን እናያለን። የሰበሰቡትን አብዛኛውን ለሌሎች ሊቃውንት ትተው፣ የሰየሙትም ሲታረም ሥራቸውን አላቋረጡም። እውነቱ ከስማቸው ይበልጥ ነበርና።

ሦስተኛውና ለእኛ የሚያሳስበው ይህ ነው። ስም መስጠት የኃላፊነት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ቆጠራ መሠረት በዱር የሚኖሩት ፓንዳዎች 1,864 ነበሩ። በቻይና በተደረገው ጥበቃ ሁኔታቸው ተሻሽሎ በ2016 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ወደ ቀለለው ደረጃ ተዛውረዋል። ሰው ከተጋ ይቻላል ማለት ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ላውዳቶ ሲ በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ በእኛ ምክንያት የሚጠፋ እያንዳንዱ ዝርያ በሕልውናው ለእግዚአብሔር ያቀርብ የነበረው ክብር እንደሚቋረጥ አስተምረዋል።

እንግዲህ የቁምስናችን መምህራን ለልጆቻችን የአካባቢያችንን ወፍና ዛፍ በየስሙ ያሳውቁ፤ ወላጆችም ከአያቶቻቸው የሰሟቸውን የአራዊትና የዕፀዋት ስሞች ሳይረሱ ያውርሱ። ስሙ የተረሳ ፍጥረት ሲጠፋ የሚያስተውለው የለምና። ለአዳም ያን ሥራ የሰጠው አምላክ፣ የፈጠረውን በእውነት የምናይበትን ዓይንና የምንጠብቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።